ከመንታዎቹ አንዱን ሰርዙ ላሉን ኃላፊ

ለተከበሩ ሚስተር ቴሬንስ ሃክስታብል፣
የስታቲስቲክስ ሶፍትዌሩ የደንበኞች እርዳታ ክፍል የበላይ ኃላፊ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሞ የከበረ ሰላምታዬ ይድረስዎ። ጤናዎ የተሟላ፣ እንቅልፍዎም ማንም እንደማያነሣው የእርዳታ መስመርዎ ስልክ ጸጥታ የሰፈነበት እንዲሆን ከልብ እመኛለሁ። እኔ አደሌድ ውስጥ በእናቶችና ሕፃናት ጥናት ላይ የምሠራ የስታቲስቲክስ ባለሙያ ነኝ። ደህና ነኝ፤ ለዚህ ግን ሶፍትዌርዎን አላመሰግንም።

ነገሩን ለማያውቁ አንባቢዎች ላስረዳ። አዋላጇ ብሮንዊን ክሊንች ከፖርት ሊንከን እስከ ሴዱና እየነዳች መንታ ያረገዙ እናቶችን በየቤታቸው ትጎበኛለች። የጤና ኮሚቴው ይህ ጉብኝት ይቀጥል ወይስ ይቅር ብሎ ሊወስን ስለሆነ፣ ሲወለዱ ኦክስጅን የሚያስፈልጋቸውን ሕፃናት ምን ያህል እንደቀነሰ ጠየቀን። ካልተጎበኙት እናቶች ልጆች ከመቶው ስድሳ፣ ከተጎበኙት ከመቶው አርባ ያህል ኦክስጅን ፈልገዋል፤ ስጋቱ በአንድ ሦስተኛ ቀንሷል ማለት ነው። የእናትን ዕድሜና የእርግዝናውን ሳምንት አስገብተን ይህ ቁጥር ምን ያህል እንደሚታመን ሶፍትዌርዎ እንዲነግረን ብቻ ነበር የፈለግነው። ቅሬታዎቼም እንደሚከተለው ናቸው፦

፩. ሶፍትዌርዎ በአንድ ማህፀን አብረው የከረሙትን መንታዎች ፈጽሞ የማይተዋወቁ ሰዎች አድርጎ ቆጠራቸው። የአንዱ ትንፋሽ ሲያጥር የሌላውም ብዙ ጊዜ እንደሚያጥር ካልነገሩት አያውቅም። በዚህም የተነሣ ልንተማመን ከሚገባን በላይ እንድንተማመን ስላደረገን እናመሰግናለን።

፪. ወንድማማችነታቸውን ነግረን የስጋቱን ጥምርታ፣ ማለትም አርባው ከስድሳው ጋር ሲነጻጸር ያለውን፣ በድጋሚ ስንጠይቀው «መፍትሔ ላይ መድረስ አልተቻለም» አለን። ትሕትናውን ወደድንለት። ይሁን እንጂ ሳንጠይቀው ሌላ ቁጥር በደማቁ ጽፎ አስከተለ። ይህኛው ኦክስጅን የፈለጉትን የሚያካፍለው ለሁሉም ሕፃናት ሳይሆን ላልፈለጉት ነው። ችግሩ አልፎ አልፎ ብቻ የሚያጋጥም ቢሆን ኖሮ ሁለቱ ቁጥሮች ይቀራረቡ ነበር፤ ግማሹን ሕፃን በሚነካበት ቦታ ግን የአንድ ሦስተኛው ቅናሽ ከግማሽ በላይ መስሎ ይታያል። የኮሚቴው ጸሐፊ ይህን አይቶ «ከግማሽ በላይ! ምን ትጠብቃላችሁ ታዲያ?» ብሎ ላሚንግተን የሚባለውን ኬክ ይዞልን መጣ። ኬኩን ከበላን በኋላ ደስታውን ከአፉ የነጠቅሁት እኔ ነኝ። ዝም ብል ኖሮ ስሕተቱን ያገኘ የመጀመሪያው ተቃዋሚ ብሮንዊንን ከነመኪናዋ ያስቆማት ነበር።

፫. ወደ ክፍልዎ ብንጽፍ «ከእያንዳንዱ መንታ አንዱን ቢሰርዙ ፕሮግራሙ ያለ ችግር ይሠራል» የሚል መልስ አገኘን። ለብሮንዊን በስልክ አነበብኩላት።

«እየቀለድሽብኝ ነው አይደል?» አለች። «መንታ የወለደችው ካሊስታ ቤት ሄጄ፣ የኔ እመቤት፣ ከልጆችሽ አንዷ ለኮምፒውተሩ አልተመቸችም ልበላት? ደግሞስ የትኛዋን? ሌሊቱን ሙሉ የምታለቅሰዋን ከሆነ፣ እሷም እሺ ሳትል አትቀርም።»

ስቃ ስትጨርስ ድምጿ ዝቅ አለ። «ቀልዱን ተይውና፣ የመኪናዬን ዘይት ልቀይር ወይስ ቁልፉን ልመልስ? እውነቱን ንገሪኝ።» በጣም ተናደድኩ፤ ክቡርነትዎንም በስም ጠርቼ ተሳደብኩ።

ለስድቡ ይቅርታዎን እየጠየቅሁ መፍትሔውን ላብስርዎ። ፖይሶን የሚባለው ስሌት የተሠራው አንድ ነገር ስንት ጊዜ እንደደረሰ ለመቁጠር እንጂ አዎ ወይም አይ ለሚል ነገር አልነበረም። ሆኖም የትኛው ሕፃን የየትኛዋ እናት እንደሆነ ነግረን፣ የእርግጠኝነቱንም ልክ በእናቶቹ መካከል ካለው ልዩነት እንዲወስድ ስናዘው፣ የስጋቱን ጥምርታ ቀጥ አድርጎ ሰጠን፤ የአንድ ሦስተኛው ቅናሽም የሚታመን ሆኖ ተገኘ። አንድ ሕፃን አልሰረዝንም። ከሁሉ የሚያስደስተው ግን ይህ ስሌት ለሌላ ሥራ በተዘጋጀ ገጽ ላይ፣ እዚያው በእርስዎ ሶፍትዌር ውስጥ መኖሩ ነው። ከክፍልዎ ደብቆ ላቆየልን ሠራተኛ ምስጋናችንን ያድርሱልን።

ኮሚቴው ሐሙስ ዕለት ተሰበሰበ። ጸሐፊው ቅር ብሎት «አንድ ሦስተኛ ብቻ?» ሲል፣ ብሮንዊን «ብቻ ያልከውን ኦክስጅን ሳያስፈልጋት ለተወለደችው ልጅ እናት ሄደህ ንገራት» አለችው። ጉብኝቱ ይቀጥላል ተባለ። እኔም መጸዳጃ ቤት ገብቼ አለቀስኩ።

መፍትሔ ላይ መድረስ ባይቻላቸውም ክብራቸው ለማይቀንስ ለእርስዎ፣ ከማይነጥፍ አድናቆትና ከበዛ ትዕግሥት ጋር፣

ኢሞጅን ትሬሎር፣ አደሌድ

ድኅረ ጽሑፍ፦ «ምክራችን ረድቶዎታል? አዎ ወይም አይ» የሚለው መጠይቅዎ ዛሬ ጠዋት ደረሰን። እኔም፣ አጠገቤ የሚቀመጠው ፍሌቸርም «አይ» ብለናል። እባክዎ እንደ ሁለት ነጻ ምስክሮች አይቁጠሩን፤ ሁለታችንንም ያስመረረን አንድ ሰው ነው።