ሰማያዊ ያስቀባሁት ፒክአፕህ

ይድረስ ለልጄ ለኡራኤል፤ ሰላምታዬ ከአሜሪካ፣ ከቻምብሊ ተነሥቶ ኢራቅ በረሃ ድረስ ይምጣልህ። እኛ የስምህን መልአክ አደራ እያልን ደህና ነን።

አትቆጣኝ እንጂ ፒክአፕህን ሰማያዊ አስቀባሁት። ከመዝመትህ በፊት ከጓደኛህ ከምስጋና ጋር የዚህን አገር በጋ፣ ሰመሩን ሙሉ ለፍታችሁ ጥቁር እንደቀባችሁት አውቃለሁ። ግን ጥቁር አቧራ አይችልም። ደግሞ ያ ጥቁር ነገር ደጃችን ላይ ቆሞ ሲውል እናትህ የሳሎኑን መጋረጃ መክፈት ትታ ነበር። አሁን ትከፍታለች።

ሰማያዊው የድሮው የጭነት መኪናዬ ቀለም ነው። ወሎ መንገድ ላይ ልጆች ከሩቅ ለይተውኝ እየሮጡ ይቀበሉኝ ነበር። ያንተንም እንደሱ በጎኑ ቢጫ መስመር አሰመርኩበት፤ ፓራውልቱን እስኪያብለጨልጭ ወለወልኩት። ምስጋና አይቶ "ጋሼ፣ ኡራኤል ሲያየው ያብዳል!" ብሎ ሳቀ። "ብቻ ይምጣ፣ ይበድ" አልኩት።

ቀለም ቀቢው ወንበሩን ወደ ፊት ስቦት ስላገኘሁ፣ ተቆጥቼ ወዳንተ እግር ልክ መለስኩት።

ካልወደድከው ጥቁሩን ቀለም ራሴ እገዛልሃለሁ፤ መጥተህ በገዛ እጅህ ቀባው።

እናትህ በመስኮቱ ሆና ትስምሃለች።

አባትህ ብርሃነመስቀል