የድሮ ሰፈራችን በወፍራሙ ቴሌቪዥን

ረቡዕ

ወፍራሙ ቴሌቪዥን ላይ ሰማያዊ ብቻ። ሥዕል የለም፣ ድምፅ የለም። ጥፋቱ የአፌ ነው። ባለፈው የእድር ስብሰባ ላይ ተነስቼ «በሚቀጥለው ስንገናኝ የድሮ ሰፈራችንን በቴሌቪዥን አሳያችኋለሁ!» አልኩ። እሁድ ይመጣሉ።

ሰፈራችን ፈርሶ ሰው ሁሉ በየኮንዶሚኒየሙ ተበትኗል። በወር አንዴ ልደታ ይመጣሉ፣ ይፈርማሉ፣ ታክሲ ሳይጠፋ ብለው ይሮጣሉ። እኔ የእድሩ ዕቃ ቤት ጠባቂ ከድንኳኑና ከብረት ድስቱ ጋር እቀራለሁ። ድስት ደግሞ ቀልድ አይገባውም። ሥዕል ካለ ግን ይቀመጡ ይሆናል።

ፎቶዎቹ ጸሐፊያችን ሙሉነሽ ባዋሰችኝ ላፕቶፕ ውስጥ ናቸው። እሱ ትንሽ ነው፣ ለዚያ ሁሉ ሰው አይበቃም።

ሐሙስ

ሜክሲኮ፣ ቴሌቪዥን ጠጋኙ ሱልጣን ዘንድ ሄድኩ።

«ጋሽ ተካ፣ ያ ቴሌቪዥን ጡረታ አይወጣም እንዴ?»

«እኔ ራሴ የማታ ትምህርት ጨርሼ ገና መጀመሬ ነው!» አልኩት።

አንዲት ትንሽ ሳጥን ሰጠኝ። ኮምፒውተሩ የሚለውን አሮጌ ቴሌቪዥን ወደሚገባው ትቀይራለች። አስተርጓሚ በላት። በገዛ እጄ ጻፍኩ፦ ቢጫው ገመድ ለሥዕል፣ ነጭና ቀዩ ለድምፅ። ድሮ፣ መጻፍ ሳልችል ቢሆን፣ አደባባዩን ሳልሻገር ይጠፋኝ ነበር።

ዓርብ

ሥዕሉ መጣ! ግን ቀለም የለውም፣ ደግሞም ይንከባለላል። «አያችሁ!» ብዬ ጮህኩ። ማንም አልነበረም።

ለሱልጣን ደወልኩ። «ከሳጥኗ ጎን ያለችውን ማብሪያ ይግፏት፣ የሥዕሉ አላላክ ሁለት ዓይነት ነው፣ የኛ አገር ቴሌቪዥን የሚያውቀው ሌላኛውን ነው» አለ። ገፋኋት። ቀጥ አለ። የድሮ ጎረቤቴ የእትዬ አስካለ በር አረንጓዴ ሆኖ መጣ። ሻዬ እስኪቀዘቅዝ አየሁት።

ቅዳሜ

ጉድ ፈላ። ቴሌቪዥኑ የፎቶውን ዳር ዳር ይበላል። ከሥር የጻፍኳቸው ስሞች ሲጎድሉ ማንበብ የጠፋኝ መስሎኝ ደነገጥኩ። ሁላችንም ያለንበት ፎቶ ላይ ጥግ የቆምኩት እኔ ነኝ። ላፕቶፑ ላይ አለሁ፣ ቴሌቪዥኑ ላይ የለሁም።

ሱልጣን በስልክ፦ «ያሮጌ ቴሌቪዥን አመል ነው። ፎቶውን ያሳንሱት፣ ዙሪያውን ባዶ ይተዉለት። ፊደሉንም ያወፍሩት፣ ቀጭኑ ይንቀጠቀጣል።»

አንድ በአንድ አሳነስኩ። ማንም እንዳይቀር። በተለይ እኔ።

እሁድ

ፈረሙ። እትዬ አስካለ ቦርሳቸውን እንዳንጠለጠሉ «አንዴ አይቼ ልሂድ» አሉ። በራቸው ሲመጣ ተቀመጡ። ሌላውም ተቀመጠ። አግዳሚ አነሰ፣ ከዕቃ ቤት ጨመርኩ።

«ተካ፣ ያኔም አፍህ ክፍት ነበር!» አለ አንዱ። ሳቁብኝ። እኔም አብሬ ሳቅኩ። የቦኖው ውሃ በማን ደጅ እንደነበር ሁለት ሰዎች እስኪኮራረፉ ተከራከሩ። ሰዓት ያየ የለም።

በር ላይ እትዬ አስካለ ዞር ብለው «የሠርጌን ፎቶ ባመጣ ይሠራል?» አሉኝ።

«ያምጡ እንጂ» አልኩ።

ፎቶውን ማምጣት ይርሱት አይርሱት አላውቅም። አግዳሚዎቹን ግን ዕቃ ቤት አልመለስኳቸውም።