በሥዕሉ ላይ ያልነበረው ለይኩን

ይድረስ ነፋስ መውጫ ላሉት፣ ለምወድዎትና ለማከብርዎት አባቴ ለመምህር ማሩ።

አባዬ፣ እንዴት ሰነበቱ? ክረምቱስ እንዴት አለፈልዎ? ብርዱ ሲገባ ጉልበትዎ ይብስብዎታልና አሁን እንዴት ነው? አዲሱ መነጽር ተስማማዎ ወይስ አሁንም ጋዜጣውን ወደ መስኮት አስጠግተው ነው የሚያነቡት? እናቴ አየሁሽ እንዴት ናት? ደም ግፊቷን ትለካለች ወይስ እንደ ልማዷ «ደኅና ነኝ» ብላ ታልፈዋለች? እህቴ አትክልት ፈተናዋን እንዴት ተወጣችው? ላሚቱስ ወለደች? እኔ ልጅዎ ትሕትና፣ የናንተ ናፍቆትና የገንዳ ውሃ ከተማ ሙቀት ተባብረው ቢያቀልጡኝም፣ ፈጣሪ ይመስገን፣ ደኅና ነኝ።

ስልክ መደወል እየቻልሁ ደብዳቤ መጻፌ ሳያስደነግጥዎ አይቀርም። አይደንግጡ፤ የምነግርዎት ክፉ ነገር አይደለም። ግን አደራዎን፣ ይህን ወረቀት መጀመሪያ ብቻዎን ሆነው ያንብቡት። አትክልት ጮክ ብላ እንድታነብልዎ እንኳ አይስጧት። ነገሩን በአንድ ቃል ብነግርዎ ስለማያምኑኝ፣ ከመነሻው ልጀምር።

ነሐሴ ላይ ሥልጠና እንደገባሁ በስልክ ስነግርዎት፣ «ደግሞ መንግሥት ደመወዝ እየከፈለ ፌስቡክ ያስተምር ጀመር?» ብለው ስቀውብኝ ነበር። እኔም አፍሬ ምን እንደምንማር አልገለጽሁልዎትም። ጉዳዩ እንዲህ ነው። በየዓመቱ ለሰሊጥ አጨዳ ከደጋ የሚወርደው ሰው ሜዳ ላይ፣ የዋልካው መሬት በተሰነጠቀበት ያድራል። ከስንጥቁ የምትወጣው ትንሽ ዝንብ ነድፋው ካላዛር ይይዘዋል። ብዙው ወባ ነው ብሎ አገሩ ይገባና እየከሳ፣ ሆዱ እያበጠ ሳይታወቅለት ይሞታል። መድኃኒቱ ግን እዚሁ አለ። እኛ በጤና ጽሕፈት ቤታችን ግድግዳ ላይ ወረቀት ለጠፍን፣ በመኪና ድምፅ ማጉያ ለፈፍን፤ የሚመጣልን ሰው በጣት የሚቆጠር ነበር። ሠራተኛው ከተማ ውስጥ አይደለም፣ እርሻ ላይ ነው። ስለዚህ «ይህ ሕዝብ የሚሰማው ማንን ነው?» የሚል ጥያቄ ተነሣ።

መልሱን እንድንፈልግ ናሁሰናይ የሚባል መምህር ከጎንደር መጣልን። ቀጭን፣ ዝም ያለ፣ ሲናገር ጠመኔውን በጣቱ የሚያሽከረክር ሰው ነው፤ ቢያዩት ይወዱታል። የሰሊጥ ሠራተኞች ፌስቡክ ላይ የሚገናኙበት ስድስት ሺህ ሰው ያለበት አንድ ቡድን አለ። «እገሌ እርሻ ሰው ይፈለጋል»፣ «መንገዱ ጭቃ ነው ወይ?»፣ «ወንድሜን ያየ አለ?» ይባባሉበታል። ናሁሰናይ የቡድኑን አስተዳዳሪ አስፈቅዶ የአንድ ዓመት ጽሑፍ ሰበሰበ። እኛ ከማየታችን በፊት ግን የሰዎቹን ስም ሁሉ አውጥቶ በቁጥር ተካው። ለምን ብዬ ብጠይቀው፣ «እነዚህ ሰዎች እርስ በርሳቸው ነው ያወሩት፤ ስማቸውን ለእኛ አልሰጡንም» አለኝ።

ከዚያ እያንዳንዱ ሰው በኮምፒውተር ላይ አንድ ነጥብ ይሆናል። አንዱ ለሌላው ሲመልስለት በሁለቱ መካከል መስመር ይሰመራል። እንዲህ ሲባል ቀላል ነው። እኔ በመጀመሪያው ቀን፣ አንዱ የሌላውን ጽሑፍ «ወደድሁ» ያለበትን ሁሉ መስመር አድርጌ አስገባሁትና ስከፍተው ድመት የተጫወተችበት የክር ድውር መሰለ። ምንም አይታይም። ናሁሰናይ ትከሻዬ ላይ ሆኖ አይቶ፣ «መውደድ እኮ አንድ ጣት ነው የሚፈልገው። ቁጭ ብሎ የመለሰውን ብቻ ፈልጊ» አለኝ። ሁለት ቀን ሙሉ ለቀምሁ። በሁለት ቁጥር የተመዘገበውን አንድ ሰው አዋሃድሁ፣ ማስታወቂያውን ከጨዋታው ለየሁ።

በሦስተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ አዲሱን ሥዕል ከፈትሁት። አባዬ፣ ያየሁትን እንዴት ብዬ ልንገርዎ! ነጥቦቹ በዓይኔ ፊት መንቀሳቀስ ጀመሩ፤ የሚተዋወቁት እየተሳሳቡ፣ የማይተዋወቁት እየተራራቁ፣ ማንም ሳያዝዛቸው ቦታ ቦታቸውን ያዙ። ጽሑፎቹን እየከፈትን ብናነብ፣ በግራ በኩል የተሰባሰቡት የጎጃም ልጆች ሆነው ተገኙ፤ ከላይ የወሎዎቹ፤ በቀኝ የእኛው የጋይንትና የደብረ ታቦር ሰዎች፤ ከታች ትራክተር ነጂዎቹና ከሱዳን የተመለሱት። ማንም አገሩን ለኮምፒውተሩ አልነገረውም እኮ! ማን ለማን እንደመለሰ ብቻ ነው የሚያውቀው። ክፍሉ ውስጥ የነበርነው አሥራ አራት ሰዎች ተነሥተን ኮምፒውተሩን ከበብነው። በየሜዳው ተበትኖ የሚያድር፣ ማንም የማይቆጥረው ሕዝብ እንዲህ ተያይዞ፣ ተሳስሮ ሲታይ ሰውነቴን ውርር አደረገኝ።

ከሁሉ ይልቅ ብዙ መስመር ያለው ነጥብ ማን እንደሆነ ስናይ ሠራተኛ የሚያገናኝ አንድ ደላላ ነው። ስለ በሽታው የምናስተላልፈውን ቃል ለእሱ እንስጠው አልን። ናሁሰናይ ራሱን ነቀነቀ። ወደ ደላላው የሚሄዱት መስመሮች እሱ ጋ ደርሰው ይቀራሉ፤ ከእሱ ወደ ሌላ የሚሻገር የለም። ከዚያ ሌላ ስሌት አሠራን፤ ከአንዱ ወገን ወደ ሌላው ወሬ ሲሻገር በማን በኩል ያልፋል የሚል። የወጣው ሰው ቁጥሩ አራት መቶ አሥራ ሁለት ነው። ፈልገን ስናገኘው በመሐል ያለ አንድ ትንሽ ነጥብ፤ በዓመት ውስጥ ሠላሳ ጊዜ ብቻ ነው የጻፈው። ናሁሰናይ «አጥፊው እስኪ» አለኝ። አጠፋሁት። ሥዕሉ አራት ቦታ ተከፍሎ ጎጃሙ ለብቻው፣ ወሎው ለብቻው፣ የእኛ ሰዎች ለብቻቸው፣ ትራክተር ነጂዎቹም ለብቻቸው ሆነው ተንሳፈፉ። ቶሎ መለስሁት።

ስሙን እንዲነግረን አስተዳዳሪውን ብንጠይቀው በመጀመሪያ ሰውየውን ጠይቆ ፈቃድ ማግኘት እንዳለበት ነገረን። መልሱ የመጣው መስከረም አልቆ ነው። ሰውየው ሴት ናት። አሰፋች ትባላለች፣ አብርሃ ጅራ ከተማ የሰው ስልክ ቻርጅ በማድረግ ትተዳደራለች፤ «የሚፈልገኝ ካለ ይምጣ፣ እኔ ሱቄን ዘግቼ የትም አልሄድም» ብላለች። መሥሪያ ቤቴ እኔን ላከኝ። በጥቅምት ማብቂያ ወደ ጎንደር ወጥቼ፣ በሳንጃ በኩል እንደገና ወደ ቆላ ወርጄ በሁለተኛው ቀን ደረስሁ።

እትዬ አሰፋች አርባ ዓመት የሚሆናት፣ ጀለቢያ የመሰለ ሰፊ ቀሚስ የለበሰች፣ ጠይም ሴት ናት። ሱቋ ቆርቆሮ ነው፤ ጄኔሬተሩ በስተኋላ ይጮኻል፤ በግድግዳው ላይ ሰማንያ የሚሆን ስልክ ተሰክቶ፣ በእያንዳንዱ ጀርባ በፕላስተር ላይ የባለቤቱ ስምና የእርሻው ስም ተጽፏል። አራተኛ ክፍል ድረስ ነው የተማረችው። ነጥቧን በላፕቶፑ ላይ ከፍቼ ባሳያት ጊዜ ብዙ አየችው፤ ከዚያ ሣቀች። «እኔን ነው እንዲህ ያደረጋችሁኝ? እኔ እኮ ስልክ ጠባቂ ነኝ። ሰውየው ስልኩን ሊወስድ ሲመጣ ግን እናቱ እንደታመመች፣ ጓደኛው እንደጠፋ ይነግረኛል። ሌላው ሲመጣ ለሱ እነግራለሁ። የሚያውቅ ከጠፋ እጽፈዋለሁ። ይኸው ነው» አለችኝ።

ስለ ካላዛር አስረዳኋት። ትኩሳቱ ሳምንታት እንደሚቆይ፣ ሰውየው እንደሚከሳ፣ በግራ ጎኑ በኩል ጣፊያው አብጦ እንደሚታይ ነገርኋት። እኔ የፈለግሁት ቃሉን እንድታሠራጭልን ነበር። እሷ ግን በመሐል አቋረጠችኝ። «ቆይ፣ ቆይ። እንዲህ ያለ ሰው አለ። ከዚህ የሁለት ሰዓት መንገድ ካምፕ የሚጠብቅ። እሱ እንኳ ስልክ የለውም፣ የእጅ ባትሪውን ነው ቅዳሜ ቅዳሜ የሚልክልኝ። ጋይንቴ ይሉታል።»

ጋይንቴ ስትለኝ የአገሬ ሰው ነው ብዬ ልቤ ራራ እንጂ ሌላ ነገር አልጠረጠርሁም። በማግሥቱ ሰሊጥ ሊጭን በሚሄድ ትራክተር ተሳቢ ላይ ተቀምጠን ሁለታችንም ሄድን። ከዳሱ ጥላ ሥር በኬሻ ላይ አንድ ሰው ተኝቷል፤ እጁ እንጨት፣ ሆዱ የነፍሰ ጡር። ጎንበስ ብዬ ጤና ይስጥልኝ ስለው ዓይኑን ከፈተና አየኝ። ከዚያ፣ «አንቺ የመምህር ማሩ ልጅ አይደለሽም እንዴ?» አለኝ።

አባዬ፣ ለይኩን ነው። የጎረቤታችን የእትዬ ዝናሽ ልጅ፣ የእኛው ለይኩን። ከአራት ዓመት በፊት ለአጨዳ ወርዶ «ሞቷል፣ እዚያው ተቀብሯል» የተባለው፣ እርስዎ ራስዎ ሽማግሌዎቹን መርተው በማለዳ ለእናቱ መርዶ የነገሩት፣ እኔም ተዝካሩን ቆሜ ያስተናገድሁት ለይኩን። ፈጣሪ ምስክሬ ነው፣ አልተሳሳትሁም። በልጅነቱ ከወይራችን ወድቆ የተሰፋው ቅንድቡ ላይ ያለውን ጠባሳ በጣቴ ነካሁት። መሬት ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስሁ። እትዬ አሰፋች ውኃ አፈሰሰችልኝ።

ነገሩ እንዲህ ነበር። ያኔ ካምፑ ውስጥ ሁለት በሽተኞች ተኝተው ነበር። ጓደኞቹ በመኪና ሲሄዱ ለይኩን ራሱን አያውቅም። ሌላው ሞተ፤ ከጋይንት የመጣው ሞተ ተብሎ በስሕተት ወሬው ተላለፈ። እሱን አንድ ትራክተር ነጂ ሐኪም ቤት አድርሶት ተሻለው። ስልኩ ጠፍቷል። ጥቂት ሠርቼ ልብስ ገዝቼ ልግባ ሲል፣ አንድ የማያውቀው የአገራችን ልጅ፣ ማንነቱን ሳይለይ፣ ምሳ ላይ የለይኩንን የራሱን ተዝካር አወራለት። በዚያው ሰሞን ሕመሙ ተመለሰበት፤ ከዚያ ወዲህ ሲሻለው ሲመለስበት እስካሁን ቆየ። «አንድ ጊዜ አልቅሳልኛለች። ሄጄ ፊቷ ብሞት ሁለተኛ ልታለቅስ ነው። አንዱ ይበቃታል ብዬ ተውሁት» አለኝ። ተናድጄ ልጮህበት ምንም አልቀረኝም ነበር።

እስክድን ለማንም አትንገሪ ብሎ አስማለኝ። የማውቀውን ደብቄ ከእናንተ ጋር በስልክ ማውራቱ እንዴት እንደከበደኝ! እዚህ ገንዳ ውሃ አምጥተን ሆስፒታል አስገባነው፤ አሥራ ሰባት ቀን መርፌ ወሰደ። ትኩሳቱ ለቀቀው፣ ሆዱ ጎደለ፣ ትናንት ሁለት ሰው የሚያጠግብ ሽሮ ብቻውን በላ። ሐኪሙም መንገድ ይችላል ብሏል። ትናንት ማታ፣ «በይ አሁን ጻፊላቸው» ብሎ ፈቀደልኝ።

ያ ቃልም ተሠራጭቷል። እትዬ አሰፋች ከጻፈችው ወዲህ ወር ሳይሞላ ሠላሳ አንድ ሰው ለምርመራ መጥቷል፤ ዘጠኙ ሕመሙ ተገኝቶባቸው ታክመዋል። እኔ ግን አሁንም ያንን ሥዕል በከፈትሁት ቁጥር የምፈልገው ለይኩንን ነው። የለም። አንድ ቃል አልጻፈምና ነጥብ የለውም። ከአራት መቶ አሥራ ሁለት ጀርባ፣ መስመር በሌለበት ባዶ ቦታ ላይ ተኝቶ ነበር። ከእያንዳንዷ ነጥብ ጀርባ እንዲህ ያለ ስንት ሰው ይኖር ይሆን እያልሁ እደነቃለሁ፣ እፈራለሁም።

አሁን ጭንቁን ለእርስዎ ልተወው ነው። መርዶውን የነገሯት እርስዎ ነዎትና ይህንንም መንገር ያለብዎት እርስዎ ይመስለኛል፤ ለይኩንም «ከመምህር አፍ ካልሰማች አታምንም» ብሏል። እባክዎን ማለዳ አይሂዱ። ብዙ ሆናችሁም አትሂዱ። በማለዳ ከደጇ ቆመው ካየችዎት ልቧ ይቆማል። ከሰዓት በኋላ፣ እናቴን ብቻ ይዘው፣ ለወሬ እንደሄደ ሰው ይግቡ። ተቀምጣ ትስማ። ይህን ደብዳቤ የማምነው ሹፌር በእጅዎ ያደርስልዎታል። እኛ ታኅሣሥ ሰባት ቅዳሜ እንገባለን፤ እስከዚያ እንድትዘጋጅ ጊዜ አላት። ለእሷ የሚሆን መልእክት ጻፍ ብዬ ወረቀት ብሰጠው፣ አራት ጊዜ ጀምሮ አራት ጊዜ ቀደደው።

እናቴን አየሁሽን ጉልበቷን ስሜ ሰላም ብዬአለሁ። አትክልትን ጉንጯን ሳሙልኝ፤ ከእርስዎ ኋላ ይህን ስታነብ እንዳትቆጣኝ። ጎረቤቶቻችንን ሁሉ፣ የሰፈሩን ሕፃናት ሳይቀር፣ እንዴት ናችሁ በሉልኝ። እትዬ አሰፋችም ሳታውቃችሁ ሰላም ብላችኋለች። ለእትዬ ዝናሽ ግን የእኔን ሰላምታ አያድርሱልኝ፤ ሰላም የሚላት ራሱ ይመጣል።

ልጅዎ ትሕትና ማሩ
ገንዳ ውሃ፣ ኅዳር 25 ቀን 2010 ዓ.ም.