ባሕሬን በአደራ ተቀብለው ስላቀዘቀዙልኝ

ደብረ ማርቆስ፣ ኅዳር 27 ቀን

ለተከበሩ አቶ ዓለምነው
የሕንፃ ቁጥር 6 ነዋሪዎች ማኅበር ሊቀመንበር
ባሉበት (ከእኔ አንድ ፎቅ ዝቅ ብሎ)

ክቡር ሊቀመንበር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ እንደምን ሰነበቱ? የሚያምዎ ጉልበት ተሻለዎ? ቤተሰቡ፣ ከብቱም ባይኖር መኪናው፣ ሁሉ ደህና ነው? እኔ ቸሩ ጌታ ይመስገን ደህና ነኝ። ቤቴም ደህና ነው፤ በእርስዎ ቸርነት ትንሽ ቀዝቅዞ ነበር እንጂ።

ይህን ደብዳቤ በደረጃው መግቢያ ላይ፣ ከእርስዎ ማስታወቂያ አጠገብ የለጠፍሁት ደፍሬ አይደለም። ማስታወቂያዎ ብቻውን ቆሞ ሳየው ወዳጅ ያጣ መሰለኝና አዘንሁለት። ፊደል የቆጠርሁት ጎልማሳ ሆኜ፣ በመሠረተ ትምህርት ጊዜ፣ በኩራዝ ብርሃን ነው። እርስዎ ኮሌጅ የበጠሱ ሰው ነዎትና የተንጋደደ ፊደል ቢያጋጥምዎ አቃንተው ያንብቡልኝ። ነገሩ ራሱ ግን አልተንጋደደም።

በደረጃው የሚወጣና የሚወርድ ሁሉ “ይህ ሽማግሌ ደግሞ ምን ሆኖ ነው?” እንዳይል ከሥሩ ልጀምር። ልጄ የኔአለም ጅቡቲ አንድ ሆቴል ውስጥ ዘጠኝ ዓመት ስትሠራ፣ በእንግዳ መቀበያው የነበረውን የመስታወት ባሕር የምትንከባከብ እሷ ነበረች። በውስጡ የጨው ውሃ አለ፤ ዓሣ አለ፤ ኮራል የሚባል ፍጥረትም አለ። ኮራል ሲያዩት ድንጋይ ነው ይላሉ፤ ጠጋ ሲሉ አበባ ነው ይላሉ፤ እሱ ግን የሚበላ፣ የሚያድግ፣ ብርድ ሲመታው ነጭቶ የሚሞት እንስሳ ነው። ሆቴሉ ሲዘጋ መስታወቱን ከነነፍሱ ሰጧት። በዚያ ጊዜ እናቷ ሥራነሽ አልጋ ይዛለች። ሉማሜ አጠገብ ያለ እርሻችንን ትተን፣ ልጃችን በዕጣ በደረሳት በዚህ ፎቅ የተቀመጥነውም ለሆስፒታሉ እንድንቀርብ ብለን ነው። ሥራነሽ በስልክ “ባሕር ምን ይመስላል? ዳር የለውም ማለት እንዴት ነው?” እያለች ልጅቱን ታደክማት ነበር። እሷ ወደ ባሕሩ መሄድ አትችልምና ልጅቱ ባሕሩን በመኪና ጭና አመጣችላት።

ያን መስታወት አራተኛ ፎቅ ድረስ ከተሸከሙት ስድስት ሰዎች አንዱ እርስዎ ነበሩ። ላብዎን በነጠላዎ ሲጠርጉ አሁንም ይታየኛል። እግዜር ይስጥልኝ።

ሥራነሽ የመጨረሻ ዓመቷን ፊቷን ወደዚያ መስታወት አዙራ ኖረች። ለኮራሎቹ ስም ያወጣች እሷ ናት። አንዱን ጎመን፣ ሌላውን የቄስ ጃንጥላ አለችው። ያን ክንዱን ሲያወዛውዝ የሚውለውን ለስላሳ ፍጥረት ደግሞ ጭራ አለችው። ካረፈች በኋላ ጠባቂው እኔ ሆንሁ። ልጄ የምትልክልኝን ጨው በተጣራ ውሃ እበጠብጣለሁ፤ በመለኪያ እለካለሁ፤ ሙቀቱ ከሃያ አምስት ዲግሪ እንዳይወርድ አያለሁ። የኅዳር ብርድ በእኛ አገር ለበሬ ራሱ አይመችም፤ ስለዚህ ያለ መብራትና ያለ ማሞቂያ ሁለት ቀን አይከርሙም። ይህን እርስዎም አሳምረው ያውቃሉ። ያሳየሁዎ እኔ ነኝ።

እንግዲህ ቢሮ ቁጥር ስለሚወድ ምስጋናዬን በቁጥር አቀርባለሁ።

1ኛ. ስለ ሕንፃው ደኅንነት በመጨነቅዎ አመሰግናለሁ። ማስታወቂያዎ “ከአቅም በላይ የሆነ ክብደት” ይላል። መስታወቱ አራት መቶ ሊትር ይይዛል፤ በገበሬ አፍ አራት ኩንታል ጤፍ ማለት ነው። ባለፈው ጥር የልጅዎ መልስ በቤትዎ ሲደገስ አርባ ሰው ባንድ ጊዜ እስክስታ ሲመታ በዓይኔ አይቻለሁ፤ አጎትዎ ብቻቸውን ሁለት ኩንታል አያንሱም። ያን ቀን ወለሉ አልተነፈሰም። መሐንዲስ ይምጣና ይየው ብዬ ሦስት ጊዜ ለመንሁዎ። በሦስተኛው ጊዜ “ጋሽ ገዳሙ፣ እውነቱን ልንገርዎ፣ ባሕር ከራሴ በላይ ተሰቅሎ እንቅልፍ አይወስደኝም” አሉኝ። ምነው ይህችን ማስታወቂያው ላይ ቢያሰፍሯት ኖሮ! ቢያንስ አንድ እውነት ይገኝበት ነበር።

2ኛ. የእኔ ዓሦች የሕንፃውን መብራት እንደሚበሉ በስብሰባ ላይ ስላስረዱልኝ አመሰግናለሁ። ቆጣሪዬ የራሴ ነው። ዓሦቹም እስከ ዛሬ የሰው ነገር ሲበሉ አላየሁም።

3ኛ. ስለ ነፍሴ በማሰብዎ ምስጋናዬ ወሰን የለውም። “ሽማግሌው ሰማያዊ መብራት እያበራ ለውሃ ይሰግዳል፤ በነቢያት ጾምም ለዓሣ የባሕር ሥጋ ይሰጣል” ተብሎ የነፍስ አባቴ አባ ፍሥሐ ዘንድ ተከሰስሁ። አባ መጡ። በትራቸውን ተደግፈው ከመስታወቱ ፊት ተቀመጡ። ኋላ “ገዳሙ፣ እነዚህ የሐሙስ ፍጥረቶች ናቸው፤ እኛ የተፈጠርን ዓርብ ነው። ታላቅ ይከበራል” አሉኝ። ስለ ጾሙ ብጠይቃቸውም “ጾም የታዘዘው ለሚያማ አፍ ነው። ዓሣ ሲያማ ሰምተህ ታውቃለህ?” አሉኝ። ለከሳሼ እንዳደርስ አልነገሩኝም፤ እኔ ግን ለጥፌዋለሁ።

4ኛ ብዬ ልጀምር ነበር፤ ይህኛው ግን በቁጥር የሚገባ አይደለም።

ኅዳር 12 ቀን በአቶ ወልደ ሰንበት ቤት የሚካኤል ጽዋችን ነበር። እኔና እርስዎ ካንድ ጽዋ ስንጠጣ ስድስት ዓመታችን ነው። የማኅበራችን ሙሴ አቶ ወልደ ሰንበት እንደ ደንባችን ጽዋው ሳይዞር ተነሥተው “የተቀያየመ አለ? በወንድሙ ላይ የደበቀው ያለው አለ?” ብለው ጠየቁ። ያለው ይናገራል፤ ሳይታረቅም ጽዋውን አይቀምስም። እርስዎ አንገትዎን ደፍተው ዝም አሉ። ጠጡ። ከዚያም ጽዋውን በገዛ እጅዎ አቀበሉኝ፤ ጉንጬንም ሳሙኝ። ማስታወቂያው ላይ የተጻፈው ቀን ግን ኅዳር 11 ነው፤ ፊርማውም የእርስዎ ነው። ክፉ ሰው ነዎት አልልም። ክፉ ሰው ፊቱ ይጠቁራል፣ ድምፁ ይንቀጠቀጣል። እርስዎ ግን ማታ ፈርመው ጧት ሳሙ፤ ፊትዎ ላይ አንዲት መስመር አልተለወጠችም።

ያን ጊዜ ወረቀቱን በኪስዎ እንደያዙት አላወቅሁም። የሥራነሽ ሙት ዓመት ኅዳር 21 ስለሚውል ኅዳር 19 ጧት ወደ ተወለደችበት ወደ ደብረ ወርቅ ተነሣሁ። ቁልፌን ለማን ልስጥ? ጽዋ ለተጣጣሁት ሰው ነዋ! የዓሦቹን ምግብ በስድስት ወረቀት ቋጥሬ “ማታ አንድ፣ ጧት አንድ፤ አደራ” አልሁዎ። “ኧረ ጋሽ ገዳሙ፣ ይኼም ይነገራል? ሥራነሽ እኮ እህቴ ነበረች። በሰላም ይሂዱ” አሉኝ። በሰላም ሄድሁ። እንዲያውም ለካህናቱ ስሟን ሳስነግር የእርስዎንም ስም “በአደራ ቤቴን የያዘልኝ ወንድሜ” ብዬ አስጠርቼ ነበር። አሁን ሄጄ አስጠርቼው የነበረውን ስም መልሱልኝ ማለት ይቻል እንደሆነ አባ ፍሥሐን ጠይቄአቸው በመስቀላቸው ባርከውኝ ሄዱ።

እኔ በሄድሁ በማግሥቱ፣ ኅዳር 20 ጧት፣ ማስታወቂያው ተለጠፈ። ወዲያውም ጥበቃው በእርስዎ ትእዛዝ ከደረጃው ሥር የቤቴን መብራት አጠፋው። “ሰውየው በሌለበት ይፈጸም፤ ሲመለስ ሞቶ ካገኘው ክርክር አይኖርም” ብለው ኮሚቴውን እንዳሳመኑ ቃለ ጉባኤው ላይ በጣቴ እየተከተልሁ አንብቤዋለሁ። ፊደል በመቁጠሬ የቆጨኝ ያን ቀን ብቻ ነው።

ኅዳር 22 ከሰዓት በኋላ ተመለስሁ። ሽታው በር ላይ ተቀበለኝ። ውሃውን የሚያዞረው ሞተር ዝም ብሏል፤ ውሃው እንደ ምንጭ ውሃ እጅ ይቆርጣል። የቄስ ጃንጥላው አጥንት መስሏል። ጭራው ቀልጦ አሸዋው ላይ ተንጠፍጥፏል። በጭራው ውስጥ ተጠልለው የሚኖሩ ሁለት ብርቱካናማ ዓሦች ነበሩ፤ አንዷ ሆዷን ወደ ላይ አድርጋ ተንሳፋለች። ጠረጴዛው ላይ ደግሞ ስድስቱም ወረቀቶች ባዷቸውን፣ በሥርዓት ታጥፈው፣ አንዱ ባንዱ ላይ ተደርበው ጠበቁኝ።

ክቡር ሊቀመንበር፣ መብራት ማጥፋትዎ ይገባኛል፤ ሥልጣን ነው። በሌለሁበት ማድረግዎም ይገባኛል፤ ፍርሃት ነው። ያልገባኝ ወረቀቱ ነው። ከስድስቱ አምስቱን መብራቱ ከጠፋ በኋላ ነው ያራገፉት። በሬን በቁልፌ ከፍተው፣ በስልክዎ እያበሩ፣ በሚሞቱ ፍጥረቶች ራስ ላይ ምግብ በተኑ፤ ወረቀቱን አጥፈው ዘግተው ወጡ። አምስት ጊዜ! ያልተበላው ምግብም በረጋው ውሃ ውስጥ በስብሶ ብርዱ የተወውን ጨረሰ። ጠላት ቢሆኑ ኖሮ ደጄን አይረግጡም ነበር። ወዳጅ ቢሆኑ ኖሮ ደረጃውን ወርደው ጥበቃውን “አብራው” ይሉት ነበር። እርስዎ ሁለቱንም ባንድ ቁልፍ ቻሉበት፤ ይህ ጸጋ ለሁሉ ሰው አልተሰጠም።

ለሥራነሽ ሬሳ ሳጥን እንኳ ያላለቀስሁ ሰው ነኝ፤ ወንድ ልጅ በገበያ ፊት አያለቅስም ተብዬ ነው ያደግሁ። ስድስቱን ወረቀት ስቆጥር ምን እንደሆንሁ ግን እኔ አውቃለሁ።

ጥበቃው አፍሮ መብራቱን መልሶልኛል፤ ይህን በማድረጉ እንዳይቆጡት። ቀኑን ሙሉ የፈላ ውሃ በላስቲክ ጠርሙስ እየሞላሁ በመስታወቱ ውስጥ ሳንሳፍፍ፣ የበሰበሰውን ውሃ በባልዲ ስቀዳ ሰነበትሁ። ዛሬ በሕይወት ያሉት ጎመኑና አንዱ ዓሣ ናቸው። ዓሣው ጭራው ወደነበረበት ጥግ እየሄደ ይቆማል። የኔአለም ስትደውል ስልኩን በጎመኑ በኩል ብቻ አዞርላታለሁ፤ “ጭራውስ?” ስትለኝ “ተኝቷል” እላታለሁ። እንዲህ በስተርጅና ውሸት ስላስተማሩኝም አመሰግናለሁ።

ማስታወቂያዎ መስታወቱን እስከ ታኅሣሥ 12 እንዳወጣ፣ ካላወጣሁ መብራቱ ለዘለዓለም እንደሚቆረጥ ያዛል። አላወጣም። ይህን በትሕትና አሳውቃለሁ። ቀኑን ሲመርጡ ግን የዘነጉት ነገር ስላለ ላስታውስዎ፤ ታኅሣሥ 12 የሚካኤል ቀን ነው፤ የሚቀጥለው ተረኛም እኔ ነኝ። ጽዋው በእኔ ቤት ነው። ዳቦውም ጠላውም ይዘጋጃል፤ ማኅበርተኛው በሙሉ ከመስታወቱ ፊት ይቀመጣል። ሙሴው ተነሥተው “የተቀያየመ አለ?” ብለው ይጠይቃሉ፤ በስድስት ዓመት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ የገዳሙ እጅ ይነሣል። እርቅ ከፈለጉ ዋጋው ቀላል ነው። ማስታወቂያውን በእጅዎ ያነሣሉ፤ በእኛ ቤት ምን እንዳደረጉም በማኅበሩ ፊት በአፍዎ ይናገራሉ። ያን ካደረጉ ጽዋውን እኔው አቀብልዎታለሁ። ካላደረጉ ግን ጽዋው በፊትዎ ያልፋል።

ስለዚህ በዚያ ቀን እንደ ሊቀመንበር ጥበቃውን አስከትለው ሊመጡ ይችላሉ፤ እንደ ወንድምም ነጠላዎን አጣፍተው ሊመጡ ይችላሉ። በየትኛውም ቢመጡ እቀበልዎታለሁ። ሁለቱንም ሆነው ባንድ ጊዜ እንዳይመጡ ብቻ እለምንዎታለሁ፤ በሬ ጠባብ ነው።

የእግርዎን ጤና፣ የእንቅልፍዎን ጥልቀት፣ የሥልጣንዎንም ዘመን አምላክ ያርዝምልኝ እያልሁ፣

ካንድ ጽዋ አብሬዎ የጠጣሁ፣ ከራስዎም በላይ የምኖር፣ በአውራ ጣት ሳይሆን በገዛ እጄ የፈረምሁ፣
ገዳሙ፣ የሥራነሽ ባል

ግልባጭ፦
ለአቶ ወልደ ሰንበት፣ የሚካኤል ጽዋ ማኅበር ሙሴ
ለአባ ፍሥሐ
ለኮሚቴው አባላት፣ ቃለ ጉባኤውን ሳያነቡ ለፈረሙ ሁሉ

ተጨማሪ፦ ትናንት የከተማው መብራት በጠፋ ጊዜ ባለቤትዎ ወይዘሮ የብርጓል ሳልጠራቸው መጥተው መስታወቱን ባመጡት ወፍራም ብርድ ልብስ ጠቀለሉልኝ። “የት ገባ ብሎ ከጠየቀ እንዳይደብቁት፤ ይንገሩት” ስላሉኝ እነሆ ነግሬዎታለሁ። ከአልጋዎ ላይ የጠፋው ብርድ ልብስ እኔ ቤት ነው። ዛሬ ከበረደዎ እንግዲህ ያውቁታል።