የሚስቴን ስም ተጠይቄ ስለተከለከልሁት አልጋ

ለክቡር አቶ ንጉሡ
የአልጋ ቤቶች ሥነ ምግባር አስከባሪ ኮሚቴ ሰብሳቢ
መካነ ሰላም

የከበረ ሰላምታዬ ካሉበት ይድረስዎ። ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል? እንቅልፍዎስ? ወገብዎን ብርድ፣ ሆድዎን ቁርጠት እንዳይነካብኝ፣ ከባለቤትዎ ጋር የሚያድሩበት ክፍልም በሩ ሳይንኳኳ እንዲነጋልዎ ዘወትር እመኛለሁ። እኔ ከአቀስታ ከፍ ብላ ባለች አንዲት የገጠር ትምህርት ቤት የአራተኛ ክፍል መምህር ነኝ። ከዚያች ሐሙስ ወዲህ እርስዎን ሳላስብ የዋልሁበት ቀን ስለሌለ፣ ዝም ማለቱ ውለታ ቢስነት መስሎ ስለታየኝ፣ ምስጋናዬን በአደባባይ ለማቅረብ ይህን ግልጽ ደብዳቤ ጽፌልዎታለሁ።

እንግዳ የሚበዛብዎ ሰው ስለሆኑ ምናልባት ረስተውን ይሆናል፤ ስለዚህ ማንነታችንን ላስታውስዎ። እኔና ባለቤቴ ከተጋባን ብዙ ዓመት ሆኖናል። የምንኖረው ከእናቴ፣ ከሦስት ልጆቻችንና በክረምቱ ናዳ ቤቱ ከፈረሰበት ወንድሜ ቤተሰብ ጋር ባንድ ጣሪያ ሥር ነው። በእንዲህ ያለ ቤት ባልና ሚስት የሚነጋገሩት ስለ ጨው፣ ስለ ከብትና ስለ ልጅ ሳል ብቻ ነው፤ ከዚያ ላለፈው ጨዋታ ጆሮ ይበዛበታል። ባለፈው ጥር ባለቤቴ አኩርፋ ወረኢሉ ወዳለው አባቷ ቤት ሄደች። ምን እንዳስከፋት ብጠይቃት በሰው ፊት መናገር አልፈለገችም፤ ያለ ሰው የምጠይቅበት ቦታ ደግሞ አልነበረኝም። ሊያስታርቁን የሄዱት ጎረቤታችን ሼህ ጀብሪል ቢያግባቧት ቢያግባቧት፣ የሰጠቻቸው መልስ «የምነግረው ነገር አለኝ፤ የምነግርበት ቤት ግን የለኝም» የሚል ብቻ ነበር። ሼሁም ይህን ይዘውልኝ መጡና፣ «ወላሂ እውነቷን ነው። አንተ ልጅ፣ ይችን ሴት ሰው ከማያውቃችሁ አገር ወስደህ ሁለት ሌሊት ስማት። ከዚያ ወዲያ አላህ ያለው ይሆናል» ብለው ፈረዱብኝ፤ እርሷም በዚህ ተስማምታ ተመለሰች።

አቀስታ እንዳናድር፣ የተማሪዬ ወላጅ ያልሆነ የአልጋ ቤት ዘበኛ የለም። ደሴ ደግሞ ለእግሬ ባይርቅም ለኪሴ ይርቃል። ይህን ሳወጣ ሳወርድ አንድ ባልደረባዬ የ«ሁለት ርግብ ሆቴል»ን ማስታወቂያ በስልኩ አሳየኝ። ሁለት ርግቦች አፍ ለአፍ ገጥመው፣ በላያቸው ቀይ ልብ ተሥሎ፣ ከሥሩ «ለጥንዶች ልዩ የፍቅር ክፍል በተመጣጣኝ ዋጋ» ይላል። ሼህ ጀብሪልም የከተማውን ስም ሲሰሙ ደስ አላቸው፤ ሰላም የሌለበትን አገር መካነ ሰላም ብለው አይጠሩትም አሉና መርቀው ሸኙን። እኔ አንድ ሙክት ሸጥሁ። ባለቤቴ ለሠርግ ብቻ የምታወጣውን ቀሚስ ለበሰች። በሚኒባሱ ውስጥ ጎን ለጎን ስንቀመጥ ሣቅ አለችና፣ ከስንት ጊዜ በኋላ ነው እንዲህ የተቀመጥን ብላ ጠየቀችኝ። ማፈሬን ልተወውና፣ ደስ ብሎኝ ነበር። እርስዎን ያገኘነው በዚህ ደስታ ላይ ነው።

አንደኛ፣ ስለ አቀባበልዎ አመሰግናለሁ። እኛ የጠበቅነው ቁልፍ የሚሰጥ ሠራተኛ ነበር፤ በዕድላችን ግን እርስዎን የሚያህል ሰብሳቢ ለቁጥጥር መጥተው እንግዳ መቀበያው ላይ ተቀምጠው አገኘንዎት። መታወቂያችንን ተቀብለው ካገላበጡ በኋላ «ሰማንያችሁስ?» አሉን። ክቡርነትዎ፣ የእኛ ሰማንያ የታሰረው በሽማግሌ አፍ ነው። ያን ጊዜ ወረቀት የጠየቀን አልነበረም። ካሰሩልን ሽማግሌዎች አብዛኞቹ አሁን የሚገኙት በደብሩ አጸድ ውስጥ አፈር ለብሰው ስለሆነ፣ ለምስክርነት ይዣቸው ልመጣ አልቻልሁም። ለዚህ ጉድለቴ ይቅርታዎን እለምናለሁ።

ሁለተኛ፣ ወረቀት ባይኖረንም ፊት ስላልነሡንና በቃል ፈተና እንድናልፍ ዕድል ስለሰጡን አመሰግናለሁ። ለየብቻ ጠየቁን። ከእኔ ጀመሩና የሚስቴን ስም ጠየቁኝ፤ እኔም ሳላመነታ «ወርቂቱ» አልሁ። እርስዎ መታወቂያዋን አዩት፣ እኔን አዩኝ፣ ፈገግ አሉ። መታወቂያው ላይ የተጻፈው ብርሀንነሽ ነው። እርስዎም የዚሁ አገር ሰው ነዎት፤ ሙሽራ ስትገባ አማቷ ስም እንደምታወጣላት እኔ ልነግርዎ አይገባም። እናቴ ባለቤቴን በገባች ማግስት ወርቂቱ ብላ ጠራቻት፤ ከዚያ ወዲህ ጎረቤቱም፣ ገበያውም፣ እኔም የምንጠራት በዚሁ ነው። ልጆቻችን ራሳቸው እናታቸው ሌላ ስም እንዳላት ያወቁት ትምህርት ቤት ሲመዘገቡ ነው። ምናልባት የእርስዎም እመቤት እናትዎ ያወጡላት ስም ይኖራት ይሆናል። ይህን ላስረዳዎ ስጀምር ግን እጅዎን አንሥተው አስቆሙኝ። ጊዜዎ ውድ ስለሆነ ትክክል አደረጉ።

ቀጥሎ እኔን አስወጥተው፣ ባለቤቴን አስገብተው በሩን ዘጉት። የባልሽን ስም እስከ አያቱ ጥሪ አሏት። እርሷም «ፈንታሁን» ብላ ቆመች። ይህንንም ያለችው ተጨንቃ እንደሆነ አውቃለሁ፤ እቤት ስትጠራኝ «አባቱ» ነው የምትለኝ። የአባቴን ስም ግን በሕይወቷ ጠርታ አታውቅም። የአማትን ስም መጥራት ነውር ነው ተብላ ነው ያደገችው። አባቴ «ያለው» ይባላል። ባለቤቴ የእርሱን ስም ላለመንካት ስትል፣ ገንዘብ ያለው ሰው ማለት ሲገባት «ገንዘብ የማያጣ ሰው» ትላለች። በመንደራችን ሌላ ያለው የሚባል ገበሬ አለ፤ እርሱን «ሞክሼው» ብላ ነው የምትጠራው። አባቴ ከሞተ ቆይቷል፤ እርሷ ግን እስከ ዛሬ ታከብረዋለች። እርስዎም ይህን አክብሮት አይተው «የባሏን አባት ስም አታውቅም» ብለው ባማረ እጅ ጽሑፍዎ መዘገቡት። እኔ ፈተና አውጥቼ የምኖር ሰው ነኝ። መልሱን እያወቀ ጨዋነት አፉን የያዘውን ልጅ ዜሮ የሚሰጥ ፈተና ግን ገና አላወጣሁም፤ ከእርስዎ ብዙ የምማረው አለኝ።

ሦስተኛ፣ ተፈትነው ያለፉትንም እንድናይ ስላደረጉን አመሰግናለሁ። ከእኛ በኋላ አንድ ጥቁር መነጽር ያደረገ ጎረምሳና አንዲት ወጣት መጡ። እርሷ የእርሱን ስም እስከ አያቱ፣ እርሱም የእርሷን እስከ ቅድመ አያቷ እንደ ዳዊት አወረዱት። እርስዎም «ጎሽ፣ ባልና ሚስት እንዲህ ነው» ብለው ቀይ ልብ የተንጠለጠለበትን ቁልፍ ሰጧቸው። የእንግዳ መቀበያዋ ልጅ ሄለን ሆዷ ባብቶ ወደ እኔ ጠጋ አለችና፣ «ጋሼ፣ እነሱ እኮ በር ላይ ተጠናንተው ነው የገቡት፤ እናንተ ምነው ሳትጠኑ መጣችሁ?» አለችኝ። ለወጣቶቹ ክፉ አልመኝም፤ ተመችቷቸው ይደሩ። እኔን የቆጨኝ ግን በእነዚያ ሁሉ ዓመታት ሚስቴን ሳላጠናት መኖሬ ነው።

አራተኛ፣ ከዚያ ከተዘጋው በር ኋላ ባለቤቴን የጠየቋት ሌላ ጥያቄ ነበር። ስትወጣ ነግራኝ ለማንም እንዳላወጣው ስላስማለችኝ፣ ቁጥሩን ብቻ አስቀምጬልዎታለሁ። እርስዎ ያውቁታል።

አምስተኛ፣ ሜዳ ላይ ስላልጣሉን አመሰግናለሁ። «ለየብቻ ከሆነ አልጋ አለ» ብለው ለእርሷ አንድ፣ ለእኔ አንድ ክፍል ሰጡን። በተመጣጣኝ ዋጋ የተባለውን ሁለት ጊዜ ስለከፈልን ለሁለተኛው ሌሊት ያሰብነው ገንዘብ በአንዱ አለቀ። ንጽሕናችን እንዳይጓደልም በሁለቱ በሮች መካከል አንድ ዘበኛ ወንበር ይዞ እንዲያድር አደረጉ። ግድግዳው ስስ ነበር። ሚስቴ ስታስል እሰማት ነበር፤ ምን ሆነሽ ነው ብዬ ለመጠየቅ ግን ዘበኛ ማስፈቀድ ነበረብኝ። ተናደድሁ፣ ቀጥሎ አፈርሁ፣ ከዚያም አለቀስሁ፤ ከልጅነቴ ወዲህ እንዲያ አልቅሼ አላውቅም። እቤታችን እንኳ፣ ከእናቴና ከወንድሜ ልጆች መካከል ሆነን፣ እንዲህ ተራርቀን አድረን አናውቅም።

በማግስቱ ጠዋት በሚኒባሱ ጎኔ አልተቀመጠችም። ከኋላ ወንበር፣ ከነጋዴ ሴቶች መካከል ገባች። ዘወር ብዬ ሳያት መስኮቱን ትመለከታለች። አቀስታ ስንደርስ እኔ ወረድሁ፤ እርሷ አልወረደችም። እንድትወርድ በመስኮቱ በኩል ብለምናት፣ «ሚስትነቴን በሰው ፊት ከተጠየቅሁ ወዲያ የምደብቀው የለኝም፤ የሆዴንም በሰው ፊት እናገረዋለሁ» ብላኝ በዚያው ወደ አባቷ ቤት ሄደች። ሼህ ጀብሪል ብቻዬን ስመለስ አይተው ዕቃዬን ተቀበሉኝ።

እንግዲህ ክቡርነትዎ፣ ከዚህ ሁሉ ውለታ በኋላ አልጋ ልጠይቅዎ አልደፍርም። አንዲት ትንሽ አሳብ ብቻ ላቅርብ፦ ሌላ ሰው ሙክቱን በከንቱ እንዳይሸጥ፣ ከርግቦቹ ሥር «ለተጠናኑ ብቻ» የሚል ቃል ቢጨመር መልካም ነው። ቀለሙን እኔ እገዛለሁ፤ ጽሑፌም ያምራል ይላሉ።

ቁጥጥርዎ ይጥበቅ፣ ወንበርዎ አይነቃነቅ፣ የሚጠይቁት እንጂ የሚጠይቅዎ አይኑር። ምንጊዜም ሲያስታውስዎ የሚኖር፣ በፈተናዎ የወደቀ ታዛዥ አገልጋይዎ፣

ፈንታሁን ያለው
(የአያቴን ስም ምናልባት ሊጠይቁበት ይፈልጉ እንደሆነ ብዬ አስቀርቼዋለሁ)

ከፊርማ በኋላ የተጨመረ፦ ይህን ደብዳቤ ልልከው ስል የፍርድ ቤት መጥሪያ ደረሰኝ። ባለቤቴ ፍቺ ጠይቃለች። ሼህ ጀብሪል ወረኢሉ ድረስ ሄደው እንደገና ቢለምኗት፣ ለእርሱ ልነግረው የነበረውን ለዳኛው እነግረዋለሁ ብላ መልሳቸዋለች። ስለዚህ ሚስቴ ልትነግረኝ የነበረውን ነገር እኔም በቀጠሮው ቀን፣ ከሕዝቡ መካከል ቆሜ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ እሰማዋለሁ። ችሎቱ ለማንም ክፍት ስለሆነ እርስዎም ከኮሚቴዎ ጋር መጥተው እንዲሰሙ በአክብሮት ጋብዤዎታለሁ፤ እዚያ በር ላይ ሰማንያ የሚጠይቅ የለም።