«ሦስት ወር ጠብቅ» ላሉት አዛዥ

ለተከበሩ የፖሊስ ጣቢያችን አዛዥ፣

ጤናዎ እንደ ድምፅዎ የጎላ፣ ቤተሰብዎም በሰላም ውሎ የሚያድር እንዲሆን ከልብ እመኛለሁ። እኔ ከጣቢያዎ ፊት ለፊት ልብስ የምሰፋው ሴት ነኝ፤ በርዎ ላይ ቆሜ ስጮህ «ይህችን ከዚህ አንሱልኝ» ብለው ያስገፈተሩኝ። ምስጋናዬን በጽሑፍ የማቀርበውም ስለዚሁ ነው።

አንደኛ፣ ስለ ፈጣን ርምጃዎ አመሰግናለሁ። በጠራራ ፀሐይ ሁለት ሰካራሞች በተሰበረ ጠርሙስ ሲተራረዱ፣ በያጁ ታናሽ ወንድሜ ላገላግል ብሎ መካከላቸው ገባ። የአንደኛውን አንገት የሰነጠቀው ጠርሙስ፣ ደሙ ሳይደርቅ የወንድሜን መዳፍ እስከ አጥንቱ ተለተለው። አንገቱ የቆሰለው ሰው፣ እግዚአብሔር ይስጠው፣ መሬት ላይ እየተንፈራገጠ «ቫይረሱ በደሜ አለ፤ መድኃኒቱንም ካቆምኩ ቆይቻለሁ፤ ሮጠህ ሐኪም ቤት ሂድ!» ብሎ ጮኸለት። የእርስዎ ሰዎች ግን ገላጋዩን ከተደባዳቢው ሳይለዩ በዱላ እየነረቱ ጣቢያ አስገቡት።

ሁለተኛ፣ ስለ ሕክምና ምክርዎ። ወንድሜ እጁን በሸሚዙ ጠቅልሎ «ጌታዬ፣ መከላከያ መድኃኒቱ ሦስት ቀን ሳያልፍ ካልተጀመረ አይሠራም ይላሉ፤ አስረውኝም ቢሆን ይውሰዱኝ» ብሎ ሲለምንዎ፣ «ኤች አይ ቪ እንደሆነ ከሦስት ወር በፊት በምርመራ አይታይም፤ ምን አጣደፈህ? ጠብቅ!» ብለው መለሱለት። በአምስተኛው ቀን ያለ ክስ ለቀቁት። በቀጥታ ሐኪም ቤት ስንሄድ ነርሷ የነገረችንን ላካፍልዎ፦ ምርመራው ወዲያው ይጀመራል፤ የዚያ ቀን ውጤት የሚናገረው ግን ስለ ቀድሞው ብቻ ነው። አዲሱን ለማወቅ ከስድስት ሳምንት በኋላ፣ ለማረጋገጥም በሦስተኛው ወር ይደገማል። መድኃኒቱ ግን በሰዓታት ውስጥ፣ ቢዘገይ ቢዘገይ በሦስት ቀን ነው። «አሁንማ አልፏል» ስትለው ቀና ብላ አላየችውም።

ለሦስተኛው ቁጥር መስጠት ከበደኝ። ወንድሜ ከሚስቱ ተለይቶ በብየዳ ቤቱ ወለል ላይ መተኛት ጀመረ። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ መስተዋቱን በቡጢ አደቀቀው። ትንሿ ልጁ «አባዬ፣ ደም!» ብላ እጁን ልትይዝ ስትሮጥ፣ እንዳትነካው ብሎ ገፈተራት፤ ግንባሯ ከብረቱ በር ጋር ተላተመ። ደሟ ፊቷን ሲያለብሰው፣ ሊያነሳት እየፈለገ እጁን ወደ ኋላ ደብቆ እንደ ቆሰለ አውሬ አጓራ። ያነሳኋት እኔ ነኝ።

የሦስተኛው ወር ምርመራ ነፃ ነህ አለው። ከሐኪም ቤት ሲመለስ በትንሿ ልጁ እግር ሥር ተደፍቶ አለቀሰ። እሷ ግን ዛሬም እጁን ሲዘረጋላት ግንባሯን ትሸፍናለች።

በዱላዎ ጥላ ሥር በሰላም የምኖር፣ ለደግነትዎ የሚመጥን ቃል ያጠረኝ፣
ከታላቅ አክብሮት ጋር፣
ከመንገዱ ማዶ ያለችው ልብስ ሰፊ

ድኅረ ጽሑፍ፦ በዚያው ግርግር ጠርሙስ ጣቱን የቧጨረውን ፖሊስዎን በራስዎ መኪና እያከነፉ ሐኪም ቤት አድርሰው፣ መድኃኒቱን በዚያው ሰዓት እንዳስጀመሩት ሚስቱ ቀሚስ ልትለካ መጥታ አጫወተችኝ። ይባረኩ፤ ለካስ ሰዓት ማየት ያውቃሉ።