የቆምክበት ደጃፍ መንገድ ሆነ

ሰይዴ፣ የአላህ ሰላም ባለህበት ይድረስህ። ከተለያየን ሦስተኛው ረመዳን ገባ። ልጃችን ፋጡማ ወልድያ ዩኒቨርሲቲ ገብታ ትማራለች፤ ቁመቷ የአንተን አክሏል።

ጦርነቱ መርሳ ሊደርስ ሲል እኔንና እሷን በውርጌሳ በኩል ወደ ደሴ ሸኝተኸን ቀረህ። «ቤት ባዶውን አይተውም፤ እኔ እጠብቃለሁ» አልክ። የስኳር ሕመምህን እያሰብኩ ለመንኩህ፤ እምቢ አልክ። መድኃኒቱ ከከተማው ሲጠፋ፣ ቤትህን እንደጠበቅክ አለፍክ። ዓይንህን የከደኑልህ ጎረቤታችን እትዬ የሺ ናቸው። ስመለስ ቤቱ አንድም ነገሩ ሳይነካ ቆሞ አገኘሁት። እውነቱን ልንገርህ፣ ጠላሁት። ተቀየምኩህም።

ዘንድሮ ደግሞ ከከተማው ፕላን ቢሮ የመጡ ሰዎች ግድግዳችን ላይ ቀይ ቀለም ቀቡ። መንገዱ ሊሰፋ ነው፤ ከመንገዱ የሚተርፈው ቦታም ፎቅ ለሚሠራ ባለሀብት ይሰጣል፤ እኛ ከከተማው ዳር ምትክ ቦታ ወስደን እንነሳለን ተባለ። ይህንኑ ሊነግሩን በጠሩን ስብሰባ ላይ ሁሉም አቀረቀረ። እኔ ሰው ፊት ተናግሬ እንደማላውቅ ታውቃለህ። ያን ቀን ግን ተነሳሁ።

«ለመንገድ የሚሆነውን ውሰዱ፤ መንገድ የሁላችን ነው። የቀረው ግን የእኛ ይዞታ ነው። ፎቅ ካስፈለገ ባለቤቱ እኔው ልሥራ ቢል ማን ይከለክለዋል?»

ሰብሳቢው ከጎኑ ካለው ባለሙያ ጋር ተንሾካሾከና «በፕላኑ መሠረት መሥራት ከቻላችሁ ቅድሚያው የእናንተ ነው» አለ። ቀጥሎ አየኝና «ብቻሽን ትችይዋለሽ?» አለኝ።

እትዬ የሺ ከኋላዬ ብድግ አሉ። «ልጄ፣ ብቻዋን ናት ያለህ ማነው?»

ጎረቤታችን ሐጂ እንድሪስም ነጠላቸውን አስተካክለው ተነሱ። ትዝ ይሉሃል፣ በሠርጋችን ሰሞን ግድግዳ ልንመርግ ጭቃ ስንረግጥ «ሙሽራ ጭቃ ታስረግጣለህ?» ብለው የተቆጡህ? እሳቸው ናቸው። የሦስታችንን ቦታ አንድ አድርገን አመለከትን። እየተመላለስን ጠየቅን። ተፈቀደልን፤ ለሚፈርሰውም ካሳ ተገመተልን።

አንተ ልብስ ትሰፋበት የነበረውን በረንዳ ግን መንገዱ ወሰደው። ዶዘሩ ሳይመጣ እኔና ፋጡማ ቆርቆሮውን በእጃችን አወረድነው፤ ባዳ እንዲያፈርሰው አልፈለግኩም። አለቀስኩ። ማልቀሴን እንጂ መሸነፌን እንዳታስብ። ካሳው መነሻ ሆኖን አሁን የሕንፃው መሠረት ተቆፍሮ ብረቱ ቆሟል። ሐጂ በየማለዳው ሠራተኞቹን ይመርቃሉ፤ እትዬ የሺ ይቆጣጠራሉ፤ እኔ ሁለቱንም አስታርቃለሁ።

ሰይዴ፣ ቅያሜዬ ወጥቶልኛል። ያን ቀን ተነስቼ «የእኛ ነው» ለማለት አፌን የፈታልኝ፣ አንተ ነፍስህን የሰጠህበት መሬት መሆኑ ነው። በየሶላቴ ዱዓ አደርግልሃለሁ፤ በየዒዱም መቃብርህ ድረስ መጥቼ የደረስንበትን እነግርሃለሁ። ሕንፃው ሲያልቅ አላፊ አግዳሚው «ይሄ የማነው?» ብሎ ቢጠይቀኝ አፌን ሞልቼ እመልስለታለሁ፦ የእኛ ነው፤ የጠበቀልን ሰይድ ነው።

ዘሃራህ፣ ከመርሳ